ሁለት ሚሊ ሜትር

የአንዲት ቃል ፍቺ ካጠራጠረኝ መዝገበ ቃላት ሳልገልጥ የማላልፍ፣ ምስር ስገዛ እንኳ ሚዛኑ ዜሮ ላይ መቆሙን ሳላይ ከረጢት የማልዘረጋ ሴት፣ ያን የሐምሌ ቀን ለምን ማንንም ሳልጠይቅ ቀረሁ? ስልክ ነበረኝ። ወንድሜ ቡሬ ነበር። በዚያ ሰሞን መንገዱ ቢዘጋጋም ድምፅ ይሠራ ነበር፤ ደውሎ «ይኼን ላደርግ ነው፣ ይሁን?» ማለት አራት ቃል ነው። አራቱን ቃል አላልሁም። ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። የማገኘው መልስ ሁሉ ሰበብ ሰበብ ይሸተኛል።

እኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ትምህርት የጀመርሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ገበዝ ማርያም አጠገብ ካለው መንደራችን በልጅነቴ ተድሬ፣ ከትዳሩ ከወጣሁ በኋላ። አንደኛ ክፍል ስገባ በአሥር ዓመት የምበልጠው ወንድሜ ሦስተኛ ነበር። ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ ስለሚል በጎን ነበር የምቀመጥ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ያገኘውን አያባክንም፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ሁሉም ነገር በመስመሩ ካልሆነ አልወድም። የመጽሐፍ ጀርባ ከመደርደሪያው ጠርዝ ወጣ ብሎ ካየሁ ተነሥቼ ሳላስገባው ሻይ አልጠጣም። ወንድሜ አሥረኛ ክፍል ላይ አቋርጦ ዱባይ ሄደ። እኔ ዲፕሎማ ደረስሁ።

ዱባይ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ካርድ በሚሸጥ ሱቅ ነበር የሚሠራ፤ መጀመሪያ በጽዳት፣ በኋላ ዕቃ በመደርደር። ካርድ ስል ከማስቲካ ውስጥ የሚወጣው ተለጣፊ የሚታየው ሰው ይኖራል፤ እኔም መጀመሪያ የመሰለኝ እሱ ነበር። ይኼኛው መታወቂያ የሚያህል ጠንካራ ወረቀት ነው። ከፊቱ የተጫዋቹ ፎቶ፣ ከጀርባው የትውልድ ቀኑና ያገባው ጎል። በታሸገ ፓኬት ይሸጣል፤ ውስጡ ማን እንዳለ ሻጩም ገዥውም አያውቁም። አብዛኛው ገለባ ነው። አልፎ አልፎ ግን በቁጥር የታተመ፣ ተጫዋቹ በገዛ እጁ የፈረመበት ይወጣል። ወንድሜ ሦስት ዓመት ሙሉ ከደሞዙ እየቆነጠረ ፓኬት ሲገዛ ኖሮ አንድ ቀን እንዲህ ያለው ወጣለት፤ ገና ሃያ ያልሞላው፣ ስሙን ብዙ ሰው የማያውቀው ልጅ፣ ፊርማው በሰማያዊ ቀለም፣ ከሥሩ «7/25» የሚል። በዓለም ላይ ሃያ አምስት ብቻ አሉ፤ ይኼ ሰባተኛው ነው። የሥራ ፈቃዱ አልቆ ሲመለስ ሻንጣውን ለመኪናው ጣሪያ ሰጥቶ ካርዱን በደረቱ ይዞ ገባ።

ለእናታችን ያስረዳበትን ቀን አልረሳውም። እሷ ጎመን ትቀነጥሳለች፣ እሱ ካርዱን በሁለት ጣቱ ጠርዙን ይዞ ያሳያታል።

«እማ፣ እንደ ጥጃ አድርገሽ እዪው። ጥጃ በርካሽ ትገዣለሽ፣ በሬ ሲሆን ትሸጫለሽ።»

«ጥጃስ ሣር ይበላል። ይኼ ምን ይበላል?»

«ጎል ነው የሚበላ።»

«እሺ፣ እግሩ ተሰበረ እንበል።»

«ያኔ ወረቀት ነው።»

«ቢሞትስ?»

ወንድሜ ካርዱን ዝቅ አደረገ። «ስም አውጥቶ ከሞተ ይጨምራል።»

እናቴ አማተበች። «ሰው ሞቶ የሚወደድ ከሆነ እናንተ ነጋዴ አይደላችሁም፣ ቀባሪ ናችሁ» አለችና ወደ ጎመኗ ተመለሰች።

እኔ ግን ልጁ ከተሳካለት ካርዱ ስንት እንደሚያወጣ ሲነግረን ክው ብዬ ቀረሁ። «ቡሬ ላይ ቤት፣ ከነቦታው» ነው ያለ። በመዳፍ የምትሸፈን ወረቀት። ስንት መጽሐፍ በእጄ አልፏል፤ ከመካከላቸው አንዲት በግ የሚገዛ የለም።

ቡሬ የተከራየው ክፍል ጣሪያው ያፈስሳል፣ አይጥም አለበት። ስለዚህ ካርዱን ለእኔ አመጣው። «ከአንቺ በላይ ዕቃ የሚጠብቅ አላውቅም፣ እታለም» አለኝ። ደብተሬን አውጥቼ ምን ምን እንደማደርግ ጠየቅሁት። እጅ እንዳይነካው፣ ፀሐይ እንዳያየው፣ ውኃ እንዳይደርሰው አለኝ። ሦስቱንም በተራ ጻፍሁ።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ለእኔም አታሳዪኝ፤ ካየሁት ሳይደርስ መሸጥ ያምረኛል።»

ሊወጣ በር ላይ ቆሞ የተናገረው ነው ከሁሉም የከበደኝ። «ይኼ ከተሸጠ እዚሁ አንድ ነገር እሠራለሁ። ካልሆነ ተመልሼ መሄዴ ነው። በፕሌን የሚወስደኝ የለም፣ በባሕር ነው የምሄድ።» ከመንደራችን በባሕር የሄዱ ሁለት ልጆች አሉ። እናቶቻቸው ዛሬም ተዝካር ያውጡ ወይስ ይጠብቁ አያውቁም። ወንድሜ ይኼን ከእኔ እኩል ያውቃል፤ እያወቀ ነው እንደ ተራ ነገር የተናገረው።

ክረምቱ ከባድ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ እርጥበት ስቦ ጥግ ላይ ያሉት መጻሕፍት ሻጋታ አወጡ። መሳቢያዬን ከፍቼ ሳይ ካርዱ የተቀመጠባት ጠንካራ ላስቲክ ጥጓ ተሰንጥቆ ውስጧ ላብ ይዟል። ደነገጥሁ። ቤት ከነቦታው ሲሻግት ታየኝ።

በእኛ አገር የከበረ ወረቀት ምን እንደሚደረግ ሕፃንም ያውቃል፤ ላሚኔት ይደረጋል። የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬቴን በሃያ ሰባት ዓመቴ የተቀበልሁ ቀን ቤቴ ከመግባቴ በፊት ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ በላስቲክ አስለብጄዋለሁ። እናቴ የማርያምን ሥዕል፣ የመሬት ይዞታ ወረቀቷን፣ የእኔን ሰርተፊኬት ሁሉ አንድ ላይ ነው የምታስቀምጥ። ፊደል አትለይም፤ አንድ ወረቀት ቁም ነገር መሆኑን የምታውቀው የሚያንጸባርቅ ላስቲክ ለብሶ ስታየው ነው። እኔ ስንት ዓመት ተምሬ በዚህ ነገር ከእሷ አልተሻልሁም።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ያለው ሰው ሲያየኝ ሁልጊዜ ይቀልድብኛል። «የኔታ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አመጡልን?»

«አንዲት የኳስ ተጫዋች ካርድ ናት። መጀመሪያ እጅህን ታጠብ።»

«ለኳስ ተጫዋች? ለጳጳስም አልታጠብሁ።» ግን ታጠበ። ካርዱን በመሐረቤ ይዤ መስታወቱ ላይ አስቀመጥሁለት። ጎንበስ ብሎ አየው። «የኔታ፣ ይቺ ነገር ጠማማ ናት። በግራ ነጩ ሰፍቷል፣ በቀኝ ጠብቧል። ፋብሪካም እንዲህ ይሠራል?»

እኔም አይቼው ነበር። ከተቀበልሁበት ቀን ጀምሮ ሲያሳክከኝ የኖረ ነገር ነው። ማስመሪያዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። በግራ አምስት፣ በቀኝ ሦስት።

«ከግራ ሁለት ሚሊ ሜትር ቁረጥ።»

«ይቆረጥ?»

«በመቁረጫው፤ በመቀስ እንዳይሆን።»

ጠቅ አለ። እንደ ጥፍር ቁራጭ የቀጠነች ነጭ ክር ወደቀች። ከዚያ ማሽኑ ዋጠው፣ ሞቅ ብሎ በዚያኛው በኩል ወጣ። በአራቱም ማዕዘን እኩል ነበር። ልደብቅ አልፈልግም፣ ደስ አለኝ፤ እንዲያ ያለ ንጹሕ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ከታዘዝሁት ሦስት ነገር አንዱንም አልጣስሁም። እጅ አይነካው፣ ውኃ አይደርሰው፤ ፀሐዩን በጨርቅ ጠቅልዬ ከለከልሁት።

ወንድሜ በሳምንት አንዴ ይደውላል። ከሰላምታው ቀጥሎ የሚጠይቀው ያው ነው። «ልጁ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው።»

«አልቀዘቀዘውም?»

«ሞቆታል።»

ይኼን የሰማች አንዲት መምህርት «ልጅ እንዳለሽ ደብቀሽን» ብላ ተቀየመችኝ።

ተቋርጦ የቆየው ኢንተርኔት በኅዳር ተመለሰ። ወንድሜ ስለሚያወራው ነገር ትንሽ ልወቅ ብዬ ስለ ካርድ ማንበብ ጀመርሁ። ውጭ አገር ካርድ የሚመረምሩ ሰዎች አሉ። በአጉሊ መነጽር ጠርዙን፣ ማዕዘኑን፣ ገጹን አይተው ከአሥር ነጥብ ይሰጣሉ፤ ገዥም የሚገዛው ነጥቡን አይቶ ነው። ሰዎቹን ወደድኋቸው። ዘመዶቼን ያገኘሁ መሰለኝ። እንደ እኔ ያለ ሰው በወር ደሞዝ የሚቀመጥበት ቦታ በዓለም ላይ መኖሩን አላውቅም ነበር።

በድረ ገጻቸው ሁለተኛው ገጽ ላይ የማይቀበሉት ካርድ ምን ምን እንደሆነ ተዘርዝሯል። ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የተቆረጠ፤ በስንትም ይሁን፣ በግማሽ ሚሊ ሜትርም ቢሆን። ሙጫና ሙቀት የነካው። በላስቲክ የተለበጠ። እንዲህ ያለውን ነጥብ አይሰጡትም፤ የተበላሸ ብለው ይመልሱታል። ከእነሱ የተመለሰውን ደግሞ የሚገዛ የለም።

የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቱን አወረድሁና ቃሎቹን አንድ በአንድ ፈለግሁ፤ የተሳሳትሁት እኔ እሆናለሁ ብዬ። አልተሳሳትሁም። አንዲት ተማሪ መጽሐፍ ልትመልስ መጥታ ነበር። ተቀበልሁና ማኅተም መታሁ። «መምህር፣ ገለበጡት» አለችኝ። አየሁት፣ ማኅተሙ በጭንቅላቱ ቆሟል። በሥራ ዘመኔ የመጀመሪያዬ ነው።

ላስቲኩ ይላጥ እንደሆነ ብዬ ሙከራ አደረግሁ። ወንድሜ ለማስታወሻ ብሎ የተወልኝ የማይረቡ ካርዶች ነበሩ። አንዱን ሌላ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ አስለበጥሁ፤ የመጀመሪያው ጋ ለመመለስ አፈርሁ። ቤቴ አምጥቼ በምላጭ ከጥጉ ጀምሬ ቀስ ብዬ ገለጥሁ። የተጫዋቹ ግማሽ ፊት ከላስቲኩ ጋር ተነሣ። ከሥሩ የቀረው እንደ ሙዝ ልጣጭ ውስጥ ነጭ ነበር። በእጄ የያዝሁትን እያየሁ እንጀራዬ ሳይበላ ደረቀ።

ንገሪው አልሁ ለራሴ። በዚያው ሳምንት ሲደውል አፌን ከፍቼ ነበር። እሱ ቀደመኝ። «ጓደኛዬ ከዱባይ ደውሎ ‹ቆይ፣ ልጁ ይጨምራል› አለኝ። እስከዚያ እዚሁ ነኝ፣ ጎሚስታ ቤት ሥራ ይዣለሁ። ልጁ ደኅና ነው?»

እዚሁ ነኝ አለ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ እነግረዋለሁ? «ደኅና ነው» አልሁ። በሚቀጥለው ሳምንትም እንዲሁ። ያለው ሰው አይሰደድም፤ ወንድሜ ደግሞ ያለው መስሎታል። በእያንዳንዷ «ደኅና ነው» አንድ ሳምንት ቡሬ ይቆያል። ውሸት ከዚያ በፊት እምብዛም አላውቅም፤ ለመልመድ ጊዜ አልወሰደብኝም፣ እሱም አስደነገጠኝ።

የባሰው ግን ሌላ ነው። አንድ እሑድ ቅዳሴ ቆሜ ስለዚያ ልጅ ሳስብ ራሴን ያዝሁት። አይቼው የማላውቅ፣ ምንም ያላደረገኝ የሰው ልጅ ነው። ጉልበቱን ቢያመው፣ ብቻ ጨዋታ እንዲተው ያህል፣ ያኔ ካርዱ በራሱ ጊዜ ወረቀት ይሆንና የእኔ ነገር አብሮ ይቀበራል ብዬ እያሰብሁ ነበር። ዲያቆኑ «ተንሥኡ» ሲል እኔ ቆሜያለሁ፤ ቆሜ ደግሞ የሰው እግር እሰብራለሁ። ቁርባን ሳይደርስ ወጥቼ ሄድሁ።

ልጁ አልታመመም። ጎል በላ፣ ወፈረ። እንዲህ እያልን ዓመት ዞረ፤ በሚቀጥለው ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ ገበያ ስወጣ ከፊቴ በሚሄድ ባጃጅ ጀርባ ላይ ፊቱ ተለጥፎ አየሁት፤ ያው ፊት፣ ሊስቅ የከፈተው አፉ ሳይቀር። ፍኖተ ሰላም ድረስ ተከትሎኝ የመጣ መሰለኝና ዘንቢሌ ከእጄ ወደቀ። ሽንኩርቴን ሳልሰበስብ ባጃጁ እስኪታጠፍ ቆሜ አየሁት። በጥር ደግሞ ስሙ ወደ ገነነ ክለብ መዛወሩ ተወራ። የትምህርት ቤቱ ልጆች ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እየጮኹ ሲከራከሩበት ዝም በሉ ማለት አቃተኝ።

ወንድሜ በማግሥቱ ደወለ። «እታለም፣ በሬ ሆነ። ጓደኛዬ ገዥ አግኝቷል። ከአዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አለ፣ ይወስድልኛል። ቅዳሜ ልምጣና ልውሰደው።»

«አትልፋ፣ እኔ አመጣዋለሁ» አልሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ካርዱን መጽሐፍ ውስጥ አድርጌ ቡሬ ሄድሁ። ማንኩሳን እስክናልፍ የምለውን ሁሉ በቃሌ አጠናሁ፤ መግቢያ ነበረው፣ ምክንያት ነበረው፣ ይቅርታው መጨረሻ ላይ ነበር። ጎሚስታ ቤቱ ወደ ነቀምት ከሚገነጠለው መንገድ ዳር ነው። ወንድሜ ቱታ ለብሶ የአንድ አይሱዙ ጎማ ይፈታል። ካየሁት ወዲህ ትከሻው ሰፍቷል። አለቃው አርጅተው ከሰዓት ብቻ ነው ብቅ የሚሉ፤ ሾፌሮቹ እሱን በስሙ ነው የሚጠሩት።

«ቆይ፣ እጄን ልታጠብ» አለኝ። በዱቄት ሳሙና ሁለቴ ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ጣቶቹን አንድ በአንድ አደረቀ። ሠርግ የሚሄድ ነው የሚመስል።

«መታጠብ አያስፈልግህም።»

«ለምን?»

መጽሐፉን ከፍቼ ሰጠሁት። መጀመሪያ አልገባውም። አገላበጠው፣ አውራ ጣቱን በላስቲኩ ላይ አሳለፈ። ከዚያ ዓይኑ ጠርዙ ላይ ቆመ። ካርድ ሱቅ የሠራ ሰው ነው፣ ማስመሪያ አያስፈልገውም።

«ማን ነው የቆረጠው?»

«እኔ ነኝ ያስቆረጥሁት። ሻጋታ ፈርቼ አስለበጥሁት። ጠርዙ ጠማማ ስለነበረ ሁለት ሚሊ ሜትር አስቆረጥሁ።» ያጠናሁት ሁሉ ጠፍቶ የወጣው ይኼ ብቻ ነበር።

የተፈታው ጎማ ላይ ቁጭ አለ።

«መቼ?»

«ካቻምና በሐምሌ። መበላሸቱን ያወቅሁት አምና በኅዳር ነው።»

«አምና በኅዳር።» መሬት መሬት አየ። «አምና ለጥምቀት ማግሥት ልሄድ በባሕር ከሚያሻግሩት ሰዎች ጋር ጨርሼ ነበር። ‹ቆይ፣ ይጨምራል› ሲባል ነው የተውሁት። አንቺ አታውቂም።»

አላውቅም ነበር።

«ስለዚህ ነው ያልነገርሽኝ? እንዳልሄድ?»

አዎ ማለት እንዴት ያምር ነበር። «ግማሹ እሱ ነው» አልሁት። «ግማሹ ፈርቼህ ነው። አፍሬ።»

«የትኛው ግማሽ ይበልጣል?»

«አልለካሁትም።»

በአፍንጫው ተነፈሰ፤ ሳቅም ቁጣም አልነበረም። «አንቺ ያልለካሽው ነገር አለ እንዴ?»

የአይሱዙው ሾፌር ከጋቢናው አንገቱን አወጣ። «ጎማው ላይ ፍታት ነው የያዛችሁ? መንገደኛ ነኝ እኮ።»

ወንድሜ ተነሥቶ ካርዱን የቱታው ኪስ ውስጥ፣ ከብሎኖች ጋር ከተተው። ጎማውን መለሰ፣ ብሎኖቹን በተራ አጠበቀ፣ ዞሮ አንድ በአንድ እንደገና ሞከራቸው። ሾፌሩ ከፍሎ ሄደ። እኔ ቆሜያለሁ።

«ልትሄድ ነው?» አልሁት በመጨረሻ።

«አልነግርሽም።»

«ወንድማለም።»

«አልነግርሽም አልሁሽ። ወስኜም ቢሆን አልነግርሽም። እኔ ምንም ሳላውቅ ዓመት አልፎኝ ነው የቆየሁ። አንቺም እስኪ ሳታውቂ ቆዪ።»

«ይገባሃል» አልሁት።

ከመንገዱ ማዶ የሚኒባስ ረዳት «ፍኖተ ሰላም፣ የሞላ» እያለ ይጣራል። ተሻግሬ ገባሁ። በመስኮቱ ሳየው ሌላ መኪና ሥር ተጎንብሷል፤ እስክንነሣ ድረስ ቀና አላለም።